ሮማንስ ማን ጻፈላት? በፋው የንባብ ምሽት ስለ ፍቅር ልቦለድ የቀረበ ንግግር



 መቀመጫ ያልደረሳችሁ ምንጣፉ ላይ ተጠጋጉ። ሕፃናት የያዛችሁ እናቶች ወደ ፋኖሱ አትቅረቡ፤ የሚዞሩት ነፍሳት ልጆቹን አያስተኟቸውም።

የዛሬው ርእሳችን አንዳንዶችን እንዳስገረመ ሰምተናል። ባለፈው ስለ ውኃ ንጽሕና፣ ከዚያ በፊት ስለ ወባ ስንነጋገር ቆይተን አሁን ስለ ፍቅር መጽሐፍ! አንድ አባት «ራሽን የዘገየበት ሰው ስለ ፍቅር ያወራል ወይ?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን በክበባችን ሣጥን ውስጥ ካሉት መጻሕፍት መካከል ሽፋናቸው የተገነጠለው፣ ገጻቸው በቡና የተበከለው፣ ሦስትና አራት ሰው ተራ የሚጠብቅላቸው የፍቅር መጻሕፍት ናቸው። የጤናው መጽሐፍ እንደ አዲስ ነው። እንግዲህ ሰው የሚያነበውን ንቀን ስለ ንባብ ልንናገር አንችልም።

ነገሩ የተነሣው እንዲህ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ልጃገረዶች በአንድ ስመ ጥር ዘፋኝ ፎቶግራፍ ዙሪያ ተሰብስበው ይሳሳቁ ነበር። አንዷ «እንዲህ ያለ ሰው ቢወድሽ ምን ትያለሽ?» ብላ ጠየቀች። «ከዚህ ያወጣኛል» አለች ሁለተኛዋ። ሦስተኛዋ ደግሞ «እሱ ይወጣል፤ አንቺ ትቀሪያለሽ» አለቻት። ሁሉም ሳቁ። እኛ ግን ያ ጨዋታ ከልባችን አልወጣም። የአማርኛ ልቦለድ ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ደራስያኑ ሲጠይቁት የኖሩት ጥያቄ ይኸው ስለሆነ ነው፤ ስሙ የታወቀ ሰው ስሙ ያልታወቀውን ሲወድ፣ ዋጋውን የሚከፍለው የትኛው ነው?

የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ «ጦቢያ» ነው። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የጻፉት ሲሆን በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታተመ። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ በአገር ላገር የምትንከራተት ልጅ ናት። መጨረሻዋ ግን የንጉሥ ሚስት መሆን ነው። ያን መጽሐፍ ስናነብ ደስ ይለናል፤ ተረት ሲያልቅ ደስ እንደሚለን ያህል ነው። መከራ ሁሉ በሠርግ ይዘጋል። ከጥያቄያችን ጋር ግን ብዙ አይታገልም፤ ስለዚህ አልፈነው እንሄዳለን።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ብዙዎቻችን ያነበብነው በዓይናችን ሳይሆን በጆሮአችን ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው ጎረቤት ለጎረቤት እየተጠራራ ተሰምቷል። እዚያ ውስጥ ስሟ ከፍ ያለው ሴቷ ናት። ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት፤ በዛብህ ደግሞ ሊያስተምራት የመጣ የድሃ ልጅ። መጽሐፉ በደንብ ያሳየን አንድ ነገር አለ። የሰብለ ስም ለራሷ ለሰብለ አልጠቀማትም። አባቷ «በዘር የሚመጥናት የለም» እያሉ የመጣውን ሁሉ ሲመልሱ፣ እሷ ዕድሜዋን በእልፍኝ ውስጥ ቆጠረች። ታዋቂነቷ የቤቱ ንብረት ነበር። ከቤቱ ስትወጣ የወጣችው ጌጧን ጥላ፣ መነኩሴ መስላ ነው። ሁለቱ የተገናኙት በመጨረሻ በአንድ መቃብር መሆኑን ታውቃላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። በእኛ አገር የታወቀ ሰው ሁሉ የተከበረ ሰው አልነበረም። አዝማሪን ሁሉም ያውቀዋል፤ በሠርጉም በግብሩም ይጠራል፤ ልጁን የሚድርለት ግን አልነበረም። ቴአትር በተጀመረባቸው ዓመታት በመድረክ ላይ የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ይሠሩ የነበሩት ወንዶች ናቸው፤ ሴት ልጅ መድረክ ላይ መታየቷ እንደ ነውር ይቆጠር ነበርና። ዛሬ ልጆቻችን የዘፋኝ ፎቶ እያዩ የሚመኙት ነገር ለአያቶቻቸው የቤተሰብ ኀፍረት ነበር። ዝና ዋጋው እንደ ገበያ ይወጣል ይወርዳል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው መጽሐፍ እንምጣ። ይህ መጽሐፍ «ኦሮማይ» ነው። ደራሲው በዓሉ ግርማ፣ አሳታሚው ኩራዝ፣ ዓመቱ 1975 ዓ.ም.። ቃሉ ከጣልያንኛ ወደ አስመራ ሰው አንደበት የገባ ሲሆን «በቃ፣ አልቋል፣ አሁንማ መሽቷል» እንደማለት ነው። በአስመራ የኖራችሁ ከእኛ ይልቅ ጣዕሙን ታውቁታላችሁ።

ታሪኩን ለማታውቁ ባጭሩ እንንገራችሁ። ጸጋዬ ኃይለማርያም በመንግሥት የዜና ማሰራጫ ስሙ የገነነ ጋዜጠኛ ነው። በ1974 ዓ.ም. ደርግ «የቀይ ኮከብ ዘመቻ» ብሎ በሰሜን የነበረውን ጦርነት በአንድ ዘመቻ ልጨርስ ብሎ ሲነሣ፣ ጸጋዬ የዘመቻውን የፕሮፓጋንዳ ሥራ እንዲመራ ወደ አስመራ ይላካል። አዲስ አበባ ላይ ሮማን የምትባል እጮኛ አለችው። አስመራ ላይ ደግሞ ፊያሜታ ጊላይ የምትባል ሴት ያገኛል። ፍቅር ይይዘዋል። ጦርነቱ በአንድ ወገን፣ ስለላው በሌላ ወገን፣ ፍቅሩ በመካከል ይሄዳል። መጨረሻውን አንነግራችሁም፤ ተራ የምትጠብቁ አላችሁና ብንነግራችሁ ትቀየሙናላችሁ።

ስለ ጦርነቱ ብዙ ተብሏል፣ ብዙም ተጽፏል። ዘመቻው ናቅፋን ሳይዝ መቅረቱ በታሪክ የታወቀ ነው። ከመካከላችን በዚያ ጦርነት ወንድም ያጣ፣ በዚያም በዚህም ወገን የቆመ ሊኖር ስለሚችል፣ ዛሬ ማታ በዚያ ላይ ክርክር እንዳንከፍት እንለምናችኋለን። እኛ የምናነሣው ፍቅሩን ነው።

ጸጋዬ የታወቀ ሰው ነው። ይህ ዝና ግን ከየት መጣ? እንደ ዘፋኝ ከድምፁ፣ እንደ ሯጭ ከእግሩ አይደለም። የመጣው ከያዘው ማይክሮፎን ነው፤ ማይክሮፎኑ ደግሞ የመንግሥት ነው። የሰጠው መንግሥት በፈለገ ጊዜ ይቀማዋል። ጸጋዬ ይህን ያውቃል፤ እያወቀ ግን እንደራሱ ንብረት ይኖርበታል። የመጽሐፉ ኃይል አንዱ እዚህ ላይ ይመስለናል። ደራሲው ራሱ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ስለነበር፣ የታወቀ ሰው ውስጡ ምን ያህል በፍርሃት እንደተሞላ ሳይደብቅ ጻፈው።

ፊያሜታስ? እሷ በምትኖርበት ከተማ ግድግዳው ሁሉ ጆሮ አለው። የመንግሥት ጆሮ አለ፤ የአማፅያኑም ጆሮ አለ። ከማን ጋር ቡና ጠጣች፣ በማን መኪና ገባች፣ ሁሉም ይቆጠራል። ለጸጋዬ እሷን መውደድ የልብ ጉዳይ ነው። ለእሷ ግን እሱን መውደድ ወገን እንደመምረጥ ነው። እሱ ግዳጁ ሲያበቃ በአውሮፕላን ሊመለስ ይችላል። ከተማው የእሷ ነው፤ ዓይኑም፣ ሐሜቱም፣ አደጋውም እሷ ጋ ይቀራል። ያቺ ልጃችን «እሱ ይወጣል፤ አንቺ ትቀሪያለሽ» ያለችው ኦሮማይን ሳታነብ ነው!

ከወር በፊት በክበባችን ይህን መጽሐፍ ድምፅ እያሰማን ጨርሰን ስንወያይ፣ ወንዶቹ ሁሉ ስለ ፊያሜታ ይከራከሩ ጀመር። «ትወደው ነበር» «የለም፣ ትሰልለው ነበር» እየተባባሉ እስከ እኩለ ሌሊት አመሹ። በመጨረሻ ከኋላ ተቀምጣ የነበረች ወጣት ተነሥታ «ሮማንስ ማን ጻፈላት?» አለች። ጸጥታ ሆነ።

እውነቷን ነው። መጽሐፉን የሚተርከው ጸጋዬ ነው፤ «እኔ» እያለ። የምናየው እሱ ያየውን ነው። ፊያሜታን በእሱ ዓይን እናያታለን፤ ቢያንስ አብራው ስለምትቆም ድምፅዋን እንሰማለን። ሮማን ግን አዲስ አበባ ቀርታለች። እሱ ሲያስባት አለች፤ ሲረሳት የለችም። የታወቀ ሰው እጮኛ ናትና ሰው ሁሉ «ከአስመራ ምን አለሽ?» እያለ ይጠይቃታል ብለን እንገምታለን። እሷ ሌሊት ምን እንዳሰበች የሚናገር ምዕራፍ ግን የለም። እኛም መጽሐፉን ሁለት ሦስት ጊዜ አንብበን ይህን ጥያቄ አላነሣነውም ነበር። አንድ መጽሐፍ በዓይነቱ ምርጥ ሆኖ ሳለ አንዲት ሴትን በር ላይ አቁሞ ሊሄድ እንደሚችል ያን ቀን ተማርን።

በዓሉን በዚህ ልንከሰው አይደለም። ጸጋዬ ራስ ወዳድ መሆኑን ደራሲው አልሸሸገም፤ ባይፈልግ ኖሮ እኛም ሮማን መጎዳቷን ባላወቅን ነበር። ግን ማን ተራኪ እንደሆነ መጠየቅ ጥሩ የንባብ ልማድ ነው።

ዝነኛው ስሙ ይቀራል፣ አብሮት የነበረው ይጠፋል ስንል በእኛ አገር ብቻ አይደለም። የእንግሊዟ ልዕልት ዳያና በነሐሴ 1989 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በመኪና አደጋ ስትሞት ዓለም በሙሉ በራዲዮ ሰምቷል። ፎቶግራፍ አንሺዎች ያሳድዷት ነበር። አብሯት ወዳጇ ሞተ፤ ሾፌሩም ሞተ። የወዳጇን ስም ከእኛ አንድ ሁለት ሰው ያስታውሳል። የሾፌሩን ስም የሚያውቅ ግን በክበባችን ፈልገን አላገኘንም።

አሁን ስለ ደራሲው ጥቂት እንበል፤ ነገሩ ከመጽሐፉ አይለይምና። በዓሉ ግርማ ኢሉባቦር ውስጥ ሱጴ ተወለደ። በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ከዚያም በአሜሪካ ሚሺጋን ተማረ። የአዲስ ዘመንና የኢትዮጵያን ሄራልድ ጋዜጦች አዘጋጅ ነበር፤ በማስታወቂያ ሚኒስቴርም ከፍተኛ ሥልጣን ላይ ደረሰ። «ከአድማስ ባሻገር»፣ «የኅሊና ደወል»፣ «የቀይ ኮከብ ጥሪ»፣ «ደራሲው» እና «ሐዲስ» የእሱ ናቸው። እንግዲህ እሱም እንደ ጸጋዬ የታወቀ ሰው ነበር፤ እሱም በቀይ ኮከብ ዘመቻ ወቅት አስመራ ነበር።

«ኦሮማይ» ገበያ ላይ ብዙ አልቆየም። ባለሥልጣኖቹ ራሳቸውን በገጾቹ ውስጥ አዩና መጽሐፉ ከየመደብሩ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም ከሥራው ተባረረ። የሰበሰቡት ግን ሁሉንም አልነበረም። የተረፈው ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር፤ በኪራይ ተነበበ፣ ተባዛ። በወጣትነታቸው ወታደር የነበሩ አንድ አባት እንዳጫወቱን፣ እሳቸው ያገኙት ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው። ሦስት ሆነው ተቀመጡ፤ አንዱ ያነበበውን ቅጠል ገንጥሎ ለቀጣዩ ይሰጥ ነበር። ሲነጋ መልሰው ሰፉትና ለባለቤቱ መለሱ። «ኋላ ሳስበው» አሉን ሳቅ ብለው፣ «ከመጽሐፉ ይልቅ ቅጠሉን እስኪሰጠኝ የጠበቅሁትን ነው የማስታውሰው»።

የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. በዓሉ ግርማ ማታ ከቤቱ ወጣ። አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው ከከተማ ወጣ ብሎ በቃሊቲ መንገድ ቆማ ተገኘች። እሱ ግን እስከ ዛሬ ሬሳው አልተገኘም፤ መቃብሩም አልታወቀም። ማይክሮፎኑን የሰጠው መንግሥት ማይክሮፎኑን ብቻ ቀምቶ አልቀረም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እኛ አንባቢዎች በዓሉን አላጣነውም። መጻሕፍቱ አሉልን። በ2017 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 2025፣ «ኦሮማይ» ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በእንግሊዝና በአሜሪካ ታተመ፤ ከአርባ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ዓለም አነበበው። ደስ ብሎናል። ቤት ውስጥ የቀሩት ባለቤቱና ልጆቹ ግን ያጡት ደራሲ አልነበረም፤ ባልና አባት ነው ያጡት። ሌላው ሰው ስለ መጽሐፉ ሲያወራ እነሱ የበር ድምፅ ያዳምጡ ነበር። ያልተቀበረ ሰው ተዝካሩ መቼ ነው? ሐዘን መቼ ተቀምጦ መቼ ይነሣል? ይህን የምንጠይቀው ከመጽሐፍ ተምረን አይደለም። በዚህ ሠፈር ከቤቱ አንድ ሰው የጎደለበትና የት እንዳለ የማያውቅ ቤተሰብ ስንት እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ።

ንግግራችንን ስናዘጋጅ አንዲት እናት ዘንድ ሄደን ነበር። ስማቸውን አንጠራም፤ ነገሩን እንድንናገር ግን ፈቅደውልናል። ባለቤታቸው በክራሩ የታወቀ ሰው ነበር። ሠርግ ያለ እሱ አይደምቅም ይባል ነበር። ከዚያ በሊቢያ በኩል ሄደ። ከሄደ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። «ሰው ሁሉ ይወደዋል» አሉን። «ውኃ ልቀዳ ስወጣ ‹ደወለ ወይ?› ይሉኛል። በሰልፍ ላይ ‹ደወለ ወይ?› ይሉኛል። እኔን ግን ‹እንዴት ነሽ?› ያለኝ የለም። እሱን እኔም እወደዋለሁ። ግን አንድ ቀን እንኳ ስለ እሱ ሳልጠየቅ ውዬ ባድር ምናለ እላለሁ።»

ወደ ቤታችን ስንመለስ እርስ በርሳችን ተፋፈርን፤ ከጠያቂዎቹ መካከል እኛም ነበርንበት።

ስለዚህ ለወጣቶቻችን፣ ዘፋኝ አትውደዱ፣ ፎቶ አትያዙ ብለን አንመክርም። ምክር የሚሰማ ቢኖር ፍቅር የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር። ፍቅር የሚመጣው አስፈቅዶ አይደለም፤ ሰብለንም ፊያሜታንም አላስፈቀደም። የፍቅር መጽሐፍ ስታነቡ ግን አንድ ዘዴ እንንገራችሁ። ታሪኩን የሚናገረው ሰው ከክፍሉ ሲወጣ እናንተ አብራችሁት አትውጡ። ትንሽ ቆዩና ክፍሉ ውስጥ የቀረችውን ወይም የቀረውን ሰው ተመልከቱ። ብርጭቆውን ማን አነሣ? መብራቱን ማን አጠፋ? ደራሲው ካልነገራችሁ ራሳችሁ አስቡት። እኛ ይህን ከጀመርን ወዲህ የድሮዎቹ መጻሕፍት እንደ አዲስ ሆነውልናል። ለምሳሌ በዛብህ ሲሞት ሁላችንም ስለ እሱና ስለ ሰብለ እናለቅሳለን፤ የወላጆቹን ቤት ግን መለስ ብሎ ያየ ጥቂት ነው። ልጅ አልበረክት ብሏቸው እሱን ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት እነሱ ነበሩ።

አንድ ወንድም በውይይቱ ላይ «ታዲያ የታወቀ ሰው ፍቅር አይገባውም ማለታችሁ ነው?» ብሎ ተቆጥቷል። የለም፣ አላልንም። የታወቀውም ሰው ብቸኛ ነው፤ የሚወዱት ስሙን ይሁን እሱን አያውቅም። ጸጋዬ በአስመራ ያንን ጥርጣሬ ይዞ ነው የሚዞረው፤ ለዚህም እናዝንለታለን። ነገር ግን ለጸጋዬ የሚያዝንለት መጽሐፍ ሙሉ አለው። ለሮማን ጥቂት ገጽ ብንጨምርላት አይበዛባትም።

ይህንኑ ለማድረግ ክበባችን ወስኗል። የሚመጣው የንባብ ምሽት የንግግር አይሆንም። እያንዳንዳችሁ ሮማን አዲስ አበባ ሆና፣ ወሬ ሲደርሳት፣ ለጸጋዬ ወይም ለፊያሜታ ወይም ለራሷ የምትጽፈውን አንድ ገጽ ደብዳቤ አምጡ። ጸጋዬን መስደብ ይፈቀዳል፤ ይቅር ማለትም ይፈቀዳል። ፊደል ያልቆጠራችሁ እናቶች፣ ከልባችሁ ያለውን ለተማሪዎቹ ንገሩ፤ እነሱ ይጽፉላችኋል፤ ቃላችሁንም እንዳያሳምሩባችሁ አስጠንቅቀናቸዋል። ወንዶችም ትጽፋላችሁ። ከዚህ በፊት ያነሣናቸው ባለ ክራሩ እናትም አንድ ገጽ እንደሚያስጽፉ ቃል ገብተውልናል፤ የማንን ስም እንደሚጠሩ ግን አልነገሩንም።

ስለ መጽሐፉ፤ «ኦሮማይ» ያለን አንድ ቅጂ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ወድቀው በእጅ ተገልብጠዋል፤ ስለዚህ ጽሕፈቱ ቢለያይ አትደነቁ። ለአንድ ሰው ሦስት ሌሊት ይፈቀዳል። ስማችሁን መውጫው ላይ ባለው ደብተር አስመዝግቡ፤ ሀቡብ በተነሣ ቀን መጽሐፉን በላስቲክ ሳትጠቀልሉ ከቤት አታውጡ። ለደብዳቤው ወረቀት ክበቡ ያቀርባል። ብዕር ግን የራሳችሁን ይዛችሁ ኑ።